ዓይነ ምድርና የምርት ዕድገት

ምሳ ላይ ያላችሁ እንደሆነ መጀመሪያ ጨርሱ፤ እጠብቃለሁ። የማወጋችሁ ጉዳይ ከምግብ ጋር ዝምድና አለው፤ ዝምድናው ግን ምግቡ ሥራውን ጨርሶ ከወጣ በኋላ የሚጀምር ነው።

በደርግ ጊዜ ባሕር ዳር ውስጥ፣ በአንድ የፕላን መሥሪያ ቤት፣ የኢኮኖሚ ባለሙያ ነበርሁ። ባለሙያ አልሁ ብላችሁ ብዙ አትጠብቁ። ሥራዬ ከየወረዳው የሚመጣውን የምርት ሪፖርት በሠንጠረዥ ማስፈር ነው፤ ጤፍ በአንዱ ዓምድ፣ ዳጉሳ በሌላው፣ ኑግ በዳር፣ ከታች ድምር። ያደግሁት ከተማ ስለሆነ እህሉን የማውቀው በወረቀት ነው። ማሳ ላይ የቆመ ጤፍ አሳይታችሁ «ይህ ምንድን ነው?» ብትሉኝ «ሣር ነው» ብዬ እምልላችሁ ነበር።

አለቃዬ ጓድ ታደለ አንድ ቀን አስጠሩኝ። ቢሯቸው ስገባ ረጅም፣ ከሲታ፣ የመነጽሩ አንድ ክንፍ በክር የታሰረ ሰው ተቀምጧል።

«ዶክተር ዮናስ ይባላሉ» አሉኝ። «የሆድ ትላትል ያጠናሉ።»

«ደስ ይላል» አልሁ። ሌላ ምን ይባላል?

«ከዛሬ ጀምሮ አብራችሁ ትሠራላችሁ። ሕክምናና ኢኮኖሚ ለየብቻ የሚሄዱበት ጊዜ አልፏል። እሳቸው ትሉን ይቆጥራሉ፤ አንተ ትሉ ያጎደለውን ምርት ትቆጥራለህ። ጥናቱ በሁለት ወር ውስጥ ለበላይ አካል በሴሚናር ይቀርባል።»

«ባይደርስስ ጓድ?»

ጓድ ታደለ እስክሪብቷቸውን ከደኑ። «ቆላ ያለው የሰፈራ ጣቢያ መዝገብ ያዥ ስጡን እያለ ነው» አሉ፣ መስኮት መስኮቱን እያዩ።

እኔ አንድ ትንኝ ከነከሰችኝ ሳምንት የማብጥ ሰው ነኝ። ትሉን በደስታ ተቀበልሁ።

ዶክተር ዮናስ ልቡ ንጹሕ ሰው ነበር። ስለ ትል ሲያወራ ስለ አክስቱ ልጆች የሚያወራ ይመስላል፤ የቱ ሰነፍ እንደሆነ፣ የቱ ብዙ እንደሚወልድ፣ የቱ ጉበት ውስጥ ቤት እንደሚሠራ። ሻይ ቤት ተቀምጠን እንዲህ ሲል ከጎናችን ያሉት ሰዎች አንድ በአንድ ወንበራቸውን እየያዙ ራቁን። ድምፁን ዝቅ ያደረገው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

«ሐይቁ ዳር ሆዳቸው እንደ ከበሮ የተነፋ ልጆች አይቻለሁ» አለኝ። «ብልሃርዝያ ነው። መድኃኒቱ መጋዘን ተቀምጧል። ግን ስንት ሰው እንደታመመ በወረቀት ካልተረጋገጠ አንድ ፍሬ አይወጣም። ጥናቱን የምፈልገው ለዚያ ነው።»

እንግዲህ ነገሩ ቁም ነገር ነበር። ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ እንዴት እንዳበላሸሁት ደግሞ በተራ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የናሙና መያዣ አልነበረም። ከውጭ ታዝዟል፣ መርከብ ላይ ነው ይባላል፤ መርከቡ ግን ከመንገድ የቀረ ይመስለኛል። ስለዚህ ያገራችን ሰው ሐኪም ቤት ሲሄድ እንደሚያደርገው በክብሪት ቀፎ ለመጠቀም ወሰንን። መቶ ሃያ ባዶ ቀፎ ያስፈልገናል። በዚያን ጊዜ ክብሪት በቀበሌ ሱቅ በሰልፍ ነበር የሚገኝ። ሰው አንዲት እንጨት ለሁለት ሰንጥቆ የሚጭርበት ዘመን ነው፤ ቀፎውንም ዝም ብሎ አይጥለውም። ቢሮ ለቢሮ፣ ልብስ ሰፊ ለልብስ ሰፊ፣ ጠጅ ቤት ለጠጅ ቤት እየዞርሁ ለመንሁ። ሲጋራ የሚያጨሱ ባልደረቦቼን በርቱ እያልሁ አደፋፈርሁ። በሦስተኛው ሳምንት ከረጢቱ ሞላ፤ የቀበሌው ጥበቃም ከነከረጢቴ ያዘኝ።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ከረጢቱን ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈው። ቀፎዎቹ እስከ ወለሉ ፈሰሱ።

«ይህን ሁሉ ክብሪት ምን ሊያደርጉት ነው ጓድ?»

«ባዶ ነው።»

«ባዶ መሆኑን አይተናል። እሳቱ የት ሄደ?»

እሳቱ የት እንደሄደ ማስረዳት ቀላል እንዳይመስላችሁ። ባለ ጠጅ ቤቶቹን፣ ልብስ ሰፊዎቹን፣ የሥራ ባልደረቦቼን ስም ሁሉ ቆጠርሁ። በመጨረሻ ዶክተር ዮናስ ተጠርቶ መጣና ትሉን ከእንቁላሉ ጀምሮ አስረዳ። ታሪኩ ግማሽ ላይ ሲደርስ ሊቀ መንበሩ «በቃ፣ ይበቃል» ብሎ ወረቀት አወጣ። እንዲህ ሲል ጻፈልን፦ «ጓዶቹ የክብሪት ቀፎ የሚሰበስቡት ለእሳት ሳይሆን ለዓይነ ምድር መሆኑ ስለተረጋገጠ፣ የሚመለከታቸው ሁሉ አስፈላጊውን ትብብር እንዲያደርጉላቸው።» በሥሩ ክብ ማኅተም። ከዚያ ወዲህ የትም ስንሄድ የሚፈትሽ ሰው ያንን ደብዳቤ ካነበበ በኋላ ዕቃችንን ሳይነካ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ያሳልፈን ነበር።

ጥናቱ የሚካሄድበት የገበሬ ማኅበር ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ የሰዓት ተኩል መንገድ ነው። ስሙን አልነግራችሁም፤ ሰዎቹ ዛሬም በሕይወት አሉ፤ ጨዋ ሰዎች ናቸው። ጀልባዋ ከደሴቶቹ ባሻገር ስትደርስ ሐይቁ ይነሣባታል። ቁርሴን ለጣና አስረክቤ፣ ፊቴ አመድ መስሎ፣ በሁለት ሰው ተደግፌ ወረድሁ። ገበሬዎቹ ሐኪሙና በሽተኛው አብረን የመጣን መሰላቸው።

ሾላ ሥር ተሰበሰቡልን። የማኅበሩ ጸሐፊ መሪጌታ ክንፈ ነበሩ፤ የደብሩ መሪጌታ ሆነው ሳለ ጽሕፈታቸው ስለሚያምር ማኅበሩ ጸሐፊ አድርጎ መርጧቸዋል። ነጭ ጥምጥም፣ ሽቅርቅር ያለ ጢም፣ ሰውን ሲያዩ ግማሽ ዓይናቸው ብቻ የሚያይ፣ ግማሹ የሚስቅ ሽማግሌ ናቸው።

ዶክተሩ ተነሥቶ ስለ ናሙና፣ ስለ ጥገኛ ትላትል፣ በሽታውን ስለሚያዛምተው ቀንድ አውጣ ብዙ ተናገረ። ሰው እርስ በርሱ ተያየ። መሪጌታ ተነሡ።

«ጓዶቹ የሚሉት» አሉ፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ዓይነ ምድራችሁን በክብሪት ቀፎ አምጡ ነው።»

 ከኋላ አንድ ገበሬ እጁን አወጣ።

«ኮታው ስንት ኪሎ ነው?» አለ።

«ኮታ አይደለም» አለ ዶክተሩ። «ጥቂት ይበቃል።»

«በነፍስ ወከፍ ነው ወይስ በቤተሰብ?»

«በነፍስ ወከፍ።»

አንዲት አሮጊት ከሴቶቹ መካከል ቀስ ብለው ቆሙ። «ልጆቼ፣ እህሉን ለመንግሥት አስገብተናል» አሉ። «ከእህሉ የቀረንን በልተናል። አሁን የበላነውንም አምጡ ካላችሁ፣ እናመጣለን፤ ግን እኛ ዘንድ የሚቀረው ምኑ ነው?»

 ቀፎዎቹን አደልን። በማግሥቱና በሣልስቱ ለመሰብሰብ ተቀጠርን፤ እስከዚያው እኔ መጠይቄን ያዝሁ።

መጠይቁን ያዘጋጀሁት ራሴ ነኝ። በሕመም ምክንያት የጠፋ የሥራ ቀን የሚሞላበት ሰፊ ዓምድ ነበረው፤ ያን ዓምድ ምን ያህል እንደወደድሁት ልነግራችሁ አልችልም። የመጀመሪያውን ገበሬ ከእርሻው ጠርቼ አስቀመጥሁ።

«ባለፈው ወር ታመው ነበር?»

«ታምሜ ነበር። ሆዴን ሲቆርጠኝ ነው የከረመ።»

«ሲያምዎት ምን ያደርጋሉ?»

«አርሳለሁ።»

«ሳያምዎትስ?»

«ያው አርሳለሁ እንጂ።»

«እሺ፣ በሕመም ምክንያት ሳያርሱ የዋሉበት ቀን ስንት ነው?»

ሰውየው እንደ ማዘን ብሎ አየኝ። «በሬዎቹ ሲያማቸው ነው የማላርሰው» አለ።

ዓምዴ በዜሮ ላይ ዜሮ ተሞላ። ስለ በሬ የተዘጋጀ ዓምድ ደግሞ አልነበረኝም።

ናሙናው ተሰብስቦ ሊያልቅ ሲል ዶክተር ዮናስ አጥኚዎችም እንሰጣለን አለ። ለገበሬው አርአያ መሆን ይገባናል ብሎ እሱ በጠዋት ሰጠ። የቀረሁት እኔ ነበርሁ። አንድ ቀፎ ይዤ ወደ ቡናው ጫካ ገባሁ። እንግዲህ አስቡት፤ ጀልባው ከወሰደብኝ ቁርስ ወዲህ ሆዴ በድንጋጤ ተቆልፏል። ጸጥ ያለ ቦታ አገኘሁ ስል ውኃ የሚቀዱ ሴቶች በዚያ ያልፋሉ፤ «እንዴት ዋልህ» ይሉኛል፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ፤ ቦታ እቀይራለሁ። ወደ ሐይቁ ስወርድ በታንኳ የሚሄዱ ሰዎች ከወዲያ ማዶ እጃቸውን ያውለበልቡልኛል። እንዲህ ስባዝን መሪጌታ ክንፈ አገኙኝ፤ ክፍቱን ቀፎ በእጄ እንደያዝሁ።

«ምነው ልጄ፣ የጠፋብህ ነገር አለ?»

አቀርቅሬ «እምቢ አለኝ መሪጌታ» አልሁ።

«እምቢ ካለ አታስገድደው» አሉ። ከጋቢያቸው ሥር እጃቸውን ሰደዱና ወግ ባለው አኳኋን የተዘጋ አንድ ቀፎ አወጡ። «እኛ ዘንድ ትርፍ አለ።»

«የማን ነው?»

«የማኅበሩ ነው» አሉ መሪጌታ፣ ግማሽ ዓይናቸው እየሳቀ።

አሁን ሳስበው ያን ጊዜ አንድ ሁለት ጥያቄ መጠየቅ ነበረብኝ። አንድ ሰው እንዴት ትርፍ ይኖረዋል? የማኅበር ዓይነ ምድርስ ምን ማለት ነው? እኔ ግን «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ተቀበልሁ፤ ስሜን ጻፍሁበትና ከሌሎቹ ጋር ቀላቀልሁት።

ከሳምንት በኋላ ዶክተር ዮናስ ቢሮዬ በሩን ሳያንኳኳ ገባ። መነጽሩ ግንባሩ ላይ ነው።

«ሁሉም» አለ።

«ሁሉም ምን?»

«ሁሉም ታመዋል። ከማኅበሩ አንድ ሰው አልቀረም። የሚጠቡ ሕጻናት ሳይቀሩ፣ መነኩሲቷ እማሆይ ሳይቀሩ። የእንቁላሉ ብዛት እንኳን ተመሳሳይ ነው። እንዲህ ያለ ነገር በመጽሐፍም አላነበብሁ።» ከዚያ ድምፁን ለስለስ አድርጎ እጄን ያዘኝ። «አንተም አለብህ።»

አፌን ከፈትሁ። እዚያው ላይ እውነቱን ብናገር ይህ ወግ አጭር ይሆን ነበር። ግን «ዓይነ ምድሬን ተበድሬ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ለተማረ ሰው እንዴት ይነገራል? ዝም አልሁ። ዝምታዬ ሐዘን መሰለው። ለምርመራ ቤቱ ሠራተኞች ከተቀመጠው ላይ መድኃኒት ይዞልኝ መጥቶ ነበር፤ ጣት የሚያካክሉ እንክብሎች። ውኃ ቀድቶ ፊቴ ቆመ። አንድ በአንድ ዋጥኋቸው፤ ሬት ናቸው። ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን ሙሉ መሬት እንደ ጀልባ ታወዛውዘኝ ነበር። ጓድ ታደለን ሁለት ሆነው አየኋቸው፤ እኔ ደግሞ አንዱም ይከብደኝ ነበር።

ጓድ ታደለም ሠንጠረዡን አምጣ አሉ። አመጣሁ። በአንድ በኩል ሁሉም ሰው ታሟል። በሌላ በኩል የጠፋ የሥራ ቀን ዜሮ ነው። በሦስተኛው ዓምድ የማኅበሩ ምርት ካምናው በልጧል። ጓድ ታደለ ወረቀቱን አራቁት፣ አቀረቡት።

«ትሉ ምርት ይጨምራል ማለት ነው?»

«ይመስላል ጓድ።»

ትንሽ አሰቡ። «ለሌሎቹስ ወረዳዎች ቢሆን?» አሉ።

«እንዲዳረስ ማለትዎ ነው?»

ሐሳቡን ፈጽመው እንዳልጣሉት ከፊታቸው ያስታውቅ ነበር። በጣም ደነገጥሁ። ዶክተሩም በበኩሉ ውጤቱ ከመጠን በላይ አምሮ ስላስፈራው ሁለተኛ ዙር ናሙና ይወሰድ ብሎ ለማኅበሩ መልእክት ላከ። ዓርብ እንመጣለን ተባለ። እኔ የባሰ ነገር ሳይመጣ መጠይቄን ላስተካክል ብዬ፣ አዲስ ቀፎ ይዤ፣ አንድ ቀን ቀድሜ ሐሙስ ሄድሁ።

ከጀልባ ወርጄ መሪጌታን ብጠይቅ «አያ ፈንታ ቤት ናቸው» አሉኝ። የሄድሁበት ቤት ደጃፉ ላይ ሴቶች ሰሐን ይዘው ተሰልፈዋል። ለቅሶ መሰለኝ። ነጠላዬን ባስተካክል ደስ ባለኝ፤ ነጠላ ስላልነበረኝ የኮቴን ኮሌታ አስተካክዬ ገባሁ።

ውስጥ መደቡ ላይ አንድ ወፍራም ሰው በትራስ ተደግፎ ጋደም ብሏል። ፊቱ የዓሣ ወጥ አለ፣ ሽሮ አለ፣ በሶ አለ፣ የሽንብራ ቆሎ አለ፣ በቅል እርጎ አለ። ላብ ያሰምጠዋል። መሪጌታ አጠገቡ ተቀምጠው «አይዞህ ፈንታ፣ ይቺን ብቻ» ይላሉ። እኔን ሲያዩ ቃሉ ከአፋቸው ቀረ።

አያ ፈንታ ግን ደስ አላቸው። «ይግቡ ጌታዬ፣ ይቀመጡ» አሉኝ። «በሞቴ ይብሉልኝ። አልቻልሁም። አንድ ሰው ለአንድ ማኅበር ከባድ ነው።»

ነገሩ ቀስ እያለ ገባኝ። መሪጌታም ሊደብቁኝ አልሞከሩም። ለካ የመጀመሪያው ቀን እኛ ቀፎ አድለን ሳንጨርስ፣ ከመራዊ ገበያ የተመለሰ አንድ ሰው ወሬ ይዞ ደርሷል፤ ምርመራው ጤነኛውን ከበሽተኛው ለይቶ፣ ጤነኛውን ለብሔራዊ ውትድርና ለመውሰድ ነው የሚል። ስለዚህ ሰው ሁሉ መታመም ፈለገ። በመንደሩ ደግሞ ከሐኪም ቤት ወረቀት ያለው የታወቀ በሽተኛ አንድ ብቻ ነው፤ አያ ፈንታ። በቀደመው ዓመት ባሕር ዳር ተመርምረው ብልሃርዝያ አለብህ ተብለው፣ መድኃኒት የለም ተብለው የተመለሱ ናቸው።

«እኔ አንድ ሁለት ጎረቤት ልርዳ ብዬ ነበር» አሉ አያ ፈንታ። «ማኅበሩ በሙሉ መጣ። ባዶ እጃቸውን አልመጡም፤ ይኸው ያበሉኛል። የነገው ዙር ሲባል ደግሞ ከማክሰኞ ጀምሮ ስበላ ነው የሰነበትሁ።»

«እማሆይስ?» አልሁ። «ሰማንያ ዓመታቸው ነው፤ ማን ያዘምታቸዋል?»

«ማኅበሩ ከወሰነ እሳቸው ለምን ይቅሩ» አሉ መሪጌታ።

በትምህርት ቤት ስለ አቅርቦትና ፍላጎት ብዙ ተምሬያለሁ። በዓይኔ ያየሁት ግን የዚያን ቀን ነው። ከመደቡ ጫፍ ተቀምጬ እማሆይ የላኩትን በሶ እያነሣሁ ስበላ ሌላው ነገር መጣልኝ፤ በእኔ ስም የተመረመረውም የአያ ፈንታ ነው። እሳቸው መድኃኒት አጥተው እዚህ ተኝተዋል፤ በሽታቸውን ባሕር ዳር ሆኜ እኔ ታክሜላቸዋለሁ።

ልስቅ ስል የአያ ፈንታ ልጅ ከጓዳ ወጣች። አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። እጇና እግሯ ክችች ያለ እንጨት ነው፤ ሆዷ ቀሚሷን ገፍቶ ወጥቷል። ከአባቷ ሰሐን ቆሎ አንሥታ አንዲት ፍሬ ቀመሰችና መልሳ አስቀመጠችው።

«እሷም ሆዷን ያማታል» አሉ አያ ፈንታ። «የእሷንም ቀፎ እኔ ነኝ የሞላሁት። የእኔ ይሻላል ብዬ።»

መሳቁን ተውሁት። ሁሉም ሰው በወረቀት ታሞ ሳለ የምር የታመመው ማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ሐሰቱ ቢታወቅ ደግሞ መድኃኒቱ ከመጋዘን አይወጣም። በዚያው ቀን ጀልባ ተመለስሁ።

ዶክተር ዮናስ ከፔዳጎጂ ኮሌጁ ጀርባ በተከራያት ክፍል ጽሑፉን ሲጽፍ አገኘሁት። ቆሜ ሁሉንም ነገርሁት። ወሬውን፣ አያ ፈንታን፣ የሰሐኑን ሰልፍ። እስክሪብቶውን አስቀመጠ፣ መነጽሩን አወለቀ፣ ዓይኑን አሸ። 

«የአንተስ?» አለ በመጨረሻ።

«ከማኅበሩ ነው የወሰድሁት።»

«መድኃኒቱን ግን ውጠሃል።»

«ውጫለሁ።»

«ለምን?»

«አፍሬ።»

 ከዚያ የጻፈውን ሁሉ ሰብስቦ ለሁለት ቀደደ። ሲቀደው ፊቱን ባየሁ ጊዜ የቆላው ሰፈራ ጣቢያ ለእኔ የሚገባኝ ቦታ ሆኖ ተሰማኝ። «ነገ አብረን እንሄዳለን» አለ። «አንተ ትናገራለህ። እኔ ስናገር አይገባቸውም።»

ዓርብ ሾላው ሥር ቆምሁ። ስለ ውትድርና የመጣው ወሬ ውሸት ነው ብዬ ጀመርሁ፤ ፊታቸው ላይ ምንም አልተንቀሳቀሰም። የመንግሥት ሰው ውሸት ነው ሲል እውነት መሆኑን ያረጋገጡ መሰሉ። መድኃኒት አለ አልሁ፤ ለውጥ የለም። ሌላ የምለው ሳጣ የራሴን ጉድ ማውራት ጀመርሁ። ጫካ ለጫካ እንዴት እንደዞርሁ፣ ሴቶቹ እንዴት ሰላም እንዳሉኝ፣ መሪጌታ ትርፍ እንዴት እንደሰጡኝ፣ በአያ ፈንታ በሽታ እንክብል እየዋጥሁ ሁለት ቀን እንዴት እንደዞረብኝ። መጀመሪያ የሳቁት ሴቶቹ ናቸው፤ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው። ከዚያ አያ ፈንታ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ከዚያ ሾላው ሥር ያለው ሰው በሙሉ። መሪጌታ በመቋሚያቸው ተደግፈው እንባቸውን ይጠርጋሉ።

«እኛ ዘንድ የሚቀረው ምኑ ነው?» ያሉት አሮጊት ሳቁ ጋብ ሲል ተነሡ። «እኔ አምኛለሁ» አሉ። «እንዲህ ያለውን ልጅ ወታደር መልምል ብሎ የሚልክ መንግሥት የለም።»

ማኅበሩ በዚህ ተስማማ። ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ በአንድ ድምፅ የታመንሁበት ቀን የለም። ቀፎዎቹ በሁለት ቀን ተመለሱ፤ ክብደታቸውም ቀለማቸውም የተለያየ ነበር፤ ዶክተር ዮናስ እያንዳንዱን እንደ በዓል ስጦታ በሁለት እጁ ተቀበለ። እኔም በሁለተኛው ቀን፣ ከዓሣ ወጥና ከብዙ ትዕግሥት በኋላ፣ የራሴን ሰጠሁ።

ውጤቱ መጣ። ከግማሽ የሚበልጠው ሰው የምር ታሟል፤ ሕጻናቱ ይብሳሉ፤ የአያ ፈንታ ልጅ ከሁሉም ትብሳለች። እማሆይ ምንም የለባቸውም። እኔ ብልሃርዝያ የለብኝም፤ ወስፋት ግን አለብኝ፤ ያ የዋጥሁት መድኃኒት ደግሞ ወስፋት አይነካም።

ሴሚናሩ ላይ ዶክተሩ ድርሻውን አቀረበ። የእኔ ተራ ሲደርስ ከፊት ወንበር የተቀመጡ አንድ ጓድ «በበሽታው ምክንያት ስንት የሥራ ቀን ባከነ?» ብለው ጠየቁኝ። ሠንጠረዤን አየሁት።

«ምንም ጓድ» አልሁ። «እያመማቸው ያርሳሉ።»

 ጓድ ታደለ ግንባራቸውን ያዙ። የጠየቁት ጓድ ግን ጥቂት ቆይተው አንገታቸውን ነቀነቁና ማስታወሻቸው ላይ አንድ ነገር ጻፉ። ምን እንደጻፉ አላውቅም። መድኃኒቱ በአሥር ቀኑ ወጣ። ቆላም አልሄድሁም፤ ጓድ ታደለ መዝገብ ያዡን ከሌላ ክፍል ላኩ።

ከክረምቱ በኋላ አንድ ረፋድ አያ ፈንታ ቢሮዬ መጡ። ከስተዋል፤ ፊታቸው ግን ጠርቷል። ልጃቸውን ለምርመራ አምጥተዋት ነበር፤ ደኅና ነች ተብላ ከደጅ በረንዳው ላይ ትሮጣለች። ወንበር ሰጠኋቸው። ስለ ልጅቱ ዶክተሩን አመሰገኑ፣ እኔንም አመሰገኑ፣ ከዚያ ባርኔጣቸውን በእጃቸው አዟዟሩ።

«ምነው አያ ፈንታ፣ የሚያምዎት አለ?»

«የለም፤ ድኛለሁ። እሱ ነው ችግሩ።» ወደ በሩ አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ከዳንሁ ወዲህ ና ብላ የሚለኝ ሰው የለም። ድሮ በየቤቱ ስጠራ ነው የምውል። አሁን መንገድ ላይ እንኳን ሰላም ብለውኝ ያልፋሉ።»

 ዶክተር ዮናስ በሚመጣው ወር ሌላ ጥናት ይዞ ወደዚያው እንደሚመጣ ነገርኋቸው። ፊታቸው በራ።

«የምን ጥናት ነው?»

«የዓይን በሽታ።»

አያ ፈንታ ቀዝቀዝ አሉ። «ዓይኔ እንኳን ደኅና ነው» አሉ። ባርኔጣቸውን ደፉ፣ በትራቸውን ያዙ፣ ተነሥተው እስከ በሩ ሄዱ። እዚያ ቆም ብለው ግራ ዓይናቸውን በጣታቸው ጫፍ ዳሰስ ዳሰስ አደረጉት።

«ግራው ግን ጠዋት ጠዋት እንባ እንባ ይለዋል» አሉኝ። «ለዶክተሩ ንገርልኝ።»